ሰቅዬ ላርፍ ነው

እኔ ራሴን ልሰቅል አልነበረም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለሚስቴ ተናግሬያታለሁ፤ ለጎረቤት፣ ለዕድር ዳኛው፣ ለንስሐ አባቴ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሰው ሁሉ ተናግሬያታለሁ። የሚሰማኝ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «አዎ እንጂ፣ አዎ» ይለኛል፤ ወዲያው ግን ዐይኑ ወደ አንገቴ ይሄዳል። ሰው በገዛ አገሩ እንዲህ ሲታይ እንዴት እንደሚያንገበግብ ያልደረሰበት አያውቀውም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው፤ የሚያምን ይመን፣ ያላመነ ይተወው።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት። ክረምት መውጫ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ጥር ላይ የሠርግ ልብስ፣ ሑዳዴ ሲያልቅ የፋሲካ ቀሚስ፤ እግሬ ከፔዳሉ፣ ዐይኔ ከመርፌው ሳይነቀል ዓመቱ ይዞራል። በዓል ነው ብዬ የስፌት መኪናውን ብሸፍነውም ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። ለቅሶ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ማኅበር አለ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ማስታረቅ አለ። ያልሠራሁበት ቀን ከሠራሁበት የበለጠ ያደክመኛል። ቤቴ ውስጥ በቀን ጋደም ብል ሚስቴ እጇን ግንባሬ ላይ ታደርጋለች፤ ጎረቤት ካየኝ «ምነው፣ አመመህ?» ይላል። አላመመኝም ካልሁ ደግሞ ሰነፍ ነኝ። በእኛ አገር ሰው በቀን የሚተኛው ወይ ታሞ ነው ወይ ሞቶ። ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል። «እገሌ ዐረፈ» ስትል ጫማውን አውልቆ ተጋደመ ብሎ የሚሰማህ የለም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል እንጂ።

ይህን የምለው አሁን ገብቶኝ ነው። ያን ጊዜ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ያችን መልእክት አልጽፋትም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ምሳዬን እየበላሁ ቪዲዮ አያለሁ። አንድ ሰው ከኪሱ ትንሽ ከረጢት አወጣ፤ ከከረጢቷ ጨርቅ መዘዘ፤ ጨርቁን በሁለት ዛፎች መካከል ሰቀለና ገብቶ ተኛ። አለቀ። ሌላ ምንም አላደረገም። አላስታረቀም፣ አልቀበረም፣ የማንንም ወገብ አልለካም። ዛፉ ይወዛወዛል፣ እሱም ይወዛወዛል። ደጋግሜ አየሁትና በቅናት ምሳዬ አልወርድ አለኝ። ቀጥሎ የሙያ ዐይኔ ተነሣ፤ ምስሉን አቁሜ ስፌቱን መረመርሁት። ይህማ ሁለት ጫፉ የታጠፈ ጨርቅ ነው፤ የሱሪ ማሰሪያ ማስገቢያ መስፋት የሚችል ሰው ሁሉ ይሰፋዋል።

መጀመሪያ የሰፋሁት ከማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ከሱቁ ጀርባ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሰቅዬ ስገባበት ተርተር አለና በመቀመጫዬ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠኝ። ሁለተኛውን ከወፍራም ሸራ አደረግሁት፤ እሱ አልተቀደደም፣ ግን ጠቅልለው ሲሸከሙት የአህያ ጭነት ነው። እኔ የፈለግሁት በትከሻ ቦርሳ ገብቶ ማንም ሳያየው የሚሄድ ነገር ነው። ቡሬ ገበያ ሄጄ ነጋዴዎቹ ፓራሹት የሚሉትን፣ የዝናብ ጃኬት የሚሰፋበትን ስስ ጨርቅ አገኘሁ። ግራጫ ነው፤ በጥፍር ቢቧጥጡት አይተረተርም። ሰባት ክንድ አስቆረጥሁ። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ በድርብ ስፌት ዞርሁት፤ በሁለቱም ጫፍ የገመድ ማሳለፊያ አበጀሁለት። ዛፉን የሚያቅፈው ማሰሪያ ጋራዥ ከቆመ አሮጌ መኪና የተፈታ የወንበር ቀበቶ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ የዛፉን ልጥ አይቆርጥም። ለዝናቡ ደግሞ የተሰበሩ ጃንጥላዎች ሰብስቤ ጨርቃቸውን ፈታሁና ሦስት ማዕዘን ሦስት ማዕዘኑን እየገጣጠምሁ ጣሪያ ሰፋሁ። ጥቁሩና ባለ አበባው ተቀላቅሎ ድሪቶ መሰለ፤ ጠብታ ግን አያሳልፍም።

ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። ከላይ ጋቢ ቢደራርቡ ምን ዋጋ አለው፣ ነፋሱ የሚመጣው ከሥር ነው፤ ጀርባ በረዶ ይሆናል። ከውስጥ ብርድ ልብስ ባነጥፍ በክብደቴ ይጨፈለቅና አይሞቅም። ሦስት ሳምንት ቁልፍ እየተከልሁ አሰብሁበት። በመጨረሻ አሮጌ ብርድ ልብስ ከጨርቁ ውጭ፣ ከሥሩ፣ ጠጋ ብሎ ግን ሳይጨፈለቅ እንዲንጠለጠል አድርጌ ሰፋሁት። ስሞክረው ጀርባዬ ሞቀ። የሠርግ ካባ ሰፍቻለሁ፣ የካህናት ልብሰ ተክህኖ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያች አሮጌ ብርድ ልብስ የኮራሁበት ሥራ የለም፤ ለማን ይነገራል! ሁሉንም ጠቅልዬ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው ሁለት ኪሎ አልሞላ። በርበሬ ሻጯ ምንድን ነው ብትለኝ «የትዕዛዝ ልብስ ነው» አልኋት።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ አልክድም። ለሚስቴም አልነገርኋትም። ምን ብዬ ልንገራት? በቀን ተደብቄ የምተኛበት ነገር ሰፋሁ ልበላት? ስሙስ ማን ይባላል? ዥዋዥዌ የልጅ ነው፣ ቃሬዛ የሬሳ ነው። በልቤ ስቅል አልጋ እለው ነበር። እየቆየ አልጋ የሚለው ቀረና «ዛሬ እሰቅላለሁ፣ ነገ እሰቅላለሁ» እያልሁ ከራሴ ጋር መነጋገር ለመድሁ።

እዚህ ላይ አባቴን ማስተዋወቅ አለብኝ። አባቴ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቃል ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰሙን ልጠው ወርቁን ያወጣሉ፤ ሌላው መምህር ያቃተውን ይዞ ወደ እሳቸው ይመጣል። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ፤ አባባ ብያቸው አላውቅም። ቅኔ ቤቱን ትቼ መርፌ የያዝሁ ጊዜ «ቃል መስፋት ቢያቅትህ ጨርቅ ልትሰፋ ሄድህ» አሉኝ። ያችን ንግግር ለደንበኛ ስስቅም ሳልስቅም ይዣት ኖሬአለሁ። ሲደክማቸው ያየ ሰው የለም። እናቴ የሞተች ጊዜ ሣልስቷ ሳይወጣ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ አይቻለሁ።

ያን ሰሞን ዐይናቸውን ሊታዩ መጥተው እኛ ቤት ሰንብተዋል። ዩኒፎርሙ ሁሉ አልቆ ለትምህርት ቤቱ ያስረከብሁ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቄን ዘግቼ ቦርሳዬን አንግቤ ላህ ወንዝን ተሻገርሁ። ያን ጊዜ ጫካው እንደዛሬው አያስፈራም ነበር። በመካከላቸው ስድስት እርምጃ ያላቸው ሁለት ዋንዛዎች ቀድሜ አይቼ ነበር። ሰቀልሁ። ልገባ ስል ሚስቴ ትዝ አለችኝ፤ ምሳ ይዛ ሱቅ ትመጣና ታጣኛለች። እንዳትደነግጥ ብዬ፣ ልብ በሉ፣ እንዳትደነግጥ ብዬ፣ በስልኬ ጻፍሁላት፦

«ደክሞኛል። ሰቅዬ ላርፍ ነው። እንዳትፈልጉኝ።»

ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር ስልኩን አጠፋሁና ገባሁ።

ስለዚያች ሰዓት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ጠያቂም አልነበረኝ። ስቅል አልጋ ላይ ቀጥ ብለው ከተኙ እንደ ሙዝ ይጎብጣሉ፤ ሰያፍ ሲሆኑ ግን ጨርቁ ይዘረጋና ወገብ ያርፋል። ሃያ ዓመት የስፌት መኪና ላይ የጎበጠ ወገቤ ተንቋቋና ተፈታ። ከላይ የዋንዛው ቅጠል፣ ከታች የውኃው ድምፅ። ለአንድ ሰዓት ያህል የማንም ባል፣ የማንም ልጅ፣ የማንም ሰፊ አልነበርሁም። እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ኡኡታ ነው። ዐይኔን ስገልጥ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወንዙን እየተንቦራጨቀ ይሻገራል። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤቴ፣ ባለ ወፍጮው፣ ሁለት እግሮቼን አቀፈና ወደ ላይ አነሣኝ። የተሰቀለ ሰው የሚተርፈው እግሩን ወደ ላይ ሲያነሡት ነው ሲባል ሰምቷል፤ የተኛ ሰው እግሩ ሲነሣ ግን በአናቱ ይተከላል። «ቁረጡት! ቶሎ ቁረጡት!» እያለ ይጮኻል። አንዱ በማጭድ ዛፉ ላይ ያሰርሁትን ቀበቶ ቆረጠው። ስድስት ወር የደከምሁበት ሥራ ላዬ ላይ ተከመረ።

«ምን ሆናችኋል? ተኝቼ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

«አዎ ወንድም ዓለም፣ ተኝተህ ነው» አለኝ ባለ ወፍጮው፣ እንባው እየወረደ። «አይዞህ፣ ተርፈሃል።»

«ከምን ነው የተረፍሁት?»

«ተወው፣ አሁን አትናገር። ውኃ አምጡለት እስቲ!»

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የእኔ ጎረቤቶች ሳልጮህ ረዱኝ፤ ስጮህ ደግሞ የሚሰማኝ ጠፋ። ግራና ቀኝ ደግፈው፣ ከፊት አንድ ሰው ከኋላ ሁለት ሰው አድርገው፣ እንደ ሌባ ወደ ቤት ወሰዱኝ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ሚስቴ መልእክቱን ብታነበው ግራ ገባት። ቤት ውስጥ የተቀመጡት ቃል ፈቺው ናቸውና ለእሳቸው አነበበችላቸው። «አባባ፣ ይህ ነገር ምን ማለት ነው?» አለቻቸው። የኔታ «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። አንድ ጊዜ ደግሞ አስደገሟት። ሦስተኛው ሲያልቅ በባዶ እግራቸው ብድግ ብለው «ልጄን ድረሱለት!» እያሉ መንገድ ወጡ። የኔታ ፈትተው የሳቱት ቃል በአገሩ የለም፤ ታዲያ ማን ይጠራጠራል? ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ቦርሳ አንግቤ ወደ ላህ ስወርድ ያዩኝ ልጆች አቅጣጫውን ጠቆሙ።

ቤት ስንደርስ ደጃፍ ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። እግራቸውን እሾህ አድምቶታል፤ ድልድዩ ድረስ ሮጠው ዳሌያቸው ስለያዛቸው ነው የተመለሱት። የተቆረጠውን ጨርቅ ከክንዴ ላይ አውርጄ በእጃቸው አስያዝኋቸው።

«ይኸው የኔታ። አልጋ ነው። የሚሰቀል አልጋ። ሰቅዬ ማለቴ ይህን ነው፤ ላርፍ ማለቴም ልተኛ ማለቴ ነው። እስቲ ለሰዎቹ ይንገሩልኝ።»

ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። ሰው ሁሉ አፋቸውን ይጠብቃል። «አልተሳሳትሁም» አሉ። «የሰማሁትን ሰምቻለሁ።» ጨርቁን መለሱልኝና ወደ ውስጥ ገቡ።

በቃ፣ ተፈረደብኝ። እሳቸው ልክ ከሆኑ እኔ ራሴን ልገድል የነበርሁ ሰው ነኝ፤ እኔ ጤነኛ ከሆንሁ ደግሞ የኔታ ተርታ መልእክት መፍታት አቃታቸው ማለት ነው። ሰፈሩ ማንን እንደሚመርጥ ማንም ያውቃል። አንድ መምህር ከሚሳሳት አንድ ልብስ ሰፊ ቢሰቀል ይሻላል! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጣትም ያው ነው።

ከዚያ ደግነቱ መጣ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ቤቴ ውስጥ ገመድ የሚባል ነገር ጠፋ፤ የልብስ ማስጫው እንኳ ተፈትቶ ሚስቴ የታጠበውን እሾህ አጥር ላይ ታሰጣ ጀመር፤ ሸሚዜ ሁሉ ተቦጫጨቀ። ባለ ወፍጮው ወፍጮውን ለሠራተኛ ትቶ በየቀኑ ሱቄ ደጃፍ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ሽንት ቤት ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። እጅጌው ያጠረበት ደንበኛ «ምንም አይደል፣ እንዲያውም አማረብኝ» ይለኛል። ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚውለው፤ ሃያ ዓመት እንደዚያ ውያለሁ። አንድ ቀን ሚስቴ ቀስ ብላ ከአንገቴ ላይ አወረደችውና ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። «እዚህ ይሁን፤ ለእኔ ብለህ» አለችኝ። ይህች ሴት ጨው ባበዛ እንኳ ሰፈር የሚሰማው ቁጣ የምትቆጣኝ ሴት ነበረች። ቁጣሽን መልሽልኝ፣ ቁጭ አድርገሽ ስደቢኝ ልላት ፈልጌ ወደ ስፌቴ ተመለስሁ።

ብጮኽ «አዬ፣ አሁንም አልተሻለውም» ይላሉ። ዝም ብል «ዝምታው ነው የሚያስፈራው» ይላሉ። ብስቅ እንኳ ይተያያሉ። እኔ መስፋት የምችለውን ያህል እነሱ ማሰብ ቢችሉ ኖሮ እያልሁ በሆዴ እሳደባለሁ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን የኔታ ናቸው። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ለስልሰው ያላናገሩኝ ሰው «ልጄ፣ በላህ?» ይሉኝ ጀመር። ልጄ! የማልፈልገውን የሰው ሁሉ ርኅራኄ ያሸከሙኝ እሳቸው ናቸው፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ ተሳስቻለሁ የምትል አንዲት ቃል፣ ነፃ ታወጣኝ ነበር።

ጭራሽ ሰባት ቀን ግሽ ዓባይ ጠበል እንድገባ ተመከረ። ሚስቴ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «እሽ!» አልሁ በንዴት። «እሄዳለሁ። ግን የኔታ ይውሰዱኝ። ቃሉን የፈቱት እሳቸው ናቸው፣ ያድርሱኝ።» በዚያ ዳሌ እምቢ ይላሉ ብዬ ነው። «እሽ፣ እሄዳለሁ» አሉ። እኔም እልህ ይዞኝ የተቆረጠውን ቀበቶ ሰፋሁና ስቅል አልጋውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ሚስቴ ገመዱን ስታይ ጮኸች። የኔታ «ተይው፣ ይያዘው» አሏት። ይህንንም ለእብድ እንደሚደረግ ማባበል ቆጥሬ የባሰ ተናደድሁ።

ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ግን አልወጣም። መኪናው ጭቃ ይዞት ሰከላ ሳንገባ ቀረ፤ የቀረውን በእግር ጀመርነው። የኔታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ቢጫ ጀሪካን ያዘሉ ጠበልተኞች እየቀደሙን ያልፋሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የኔታ ቆሙ። ዳሌያቸው ይዟቸዋል። ልቀመጥ ቢሉ መስኩ ረግረግ ነው፤ ድንጋይ እንኳ የለም። መቋሚያቸው ላይ ተንጠልጥለው ሲንቀጠቀጡ አየሁና ማዘን ሲገባኝ ደሜ ፈላ።

«በዚህ ዳሌ ማን ይምጡ አለዎት? ለምን መጡ?»

ከመንገዱ ዳር ሁለት ባሕር ዛፎች ነበሩ። እያጉረመረምሁ ቀበቶውን አሰርሁ፣ ጨርቁን ሰቀልሁ፣ ብርድ ልብሱን ከሥር አንጠለጠልሁ፤ ካፊያ ጀምሮ ነበርና የጃንጥላውን ጣሪያ ከላይ ወጠርሁ። የኔታ እየተጎተቱ መጥተው ጨርቁን እንደዚያ ቀን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው። እብድ ያስባሉኝ ለዚህ ነው።»

«እብድ አላልሁህም።»

«አልተሳሳትሁም ብለዋል! በሰው ሁሉ ፊት!»

«አልተሳሳትሁማ» አሉ። ድምፃቸው ጉባኤ ላይ የሚናገሩበት ነው፤ ያን የሰሞኑን ልስላሴ ጥለውታል። «ስማኝ። ሰቅዬ ያልኸውን ገመድ ይሁን ጨርቅ አላወቅሁም። ላርፍ ያልኸውንም አላወቅሁም። ሁለቱም ወዲያም ወዲህም ይፈታሉ። ደጋግሜ ያስነበብኋት ለመጀመሪያዋ ቃል ነው።»

«የቷን?»

«ደክሞኛል ያልሃትን። እሷ ሁለት ፍች የላትም። በእኛ ቤት ያችን ቃል ተናግሮ የሚያውቅ ሰው የለም። አባቴ ሳይላት ሞተ። እናትህ ሳትላት ሞተች። አንተ ከጻፍሃት የቀረውን ምን ብዬ ልፍታው? በባዶ እግሬ የወጣሁት ለእሷ ነው።»

እዚህ ላይ ልቤ ራራ ብል ውሸት ነው። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

«ታዲያ ቃሉ ከገባዎ ለምን ጠበል ያመጡኛል?» ብዬ ጮኽሁ። መንገደኞች ዞረው አዩኝ፤ ይዩ። «ገመዱን ወሰዳችሁ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አወረዳችሁ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ዘበኛ አቆማችሁብኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ፣ ምን አደከመህ ብሎ አልጠየቀኝም! እርስዎም አልጠየቁኝም! ጽፌ ነገርኋችሁ እኮ!»

እንባዬ መጣ። የንዴት ነው። የንዴት ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም።

የኔታ ጨርቁን አልለቀቁም። ጣቶቻቸው ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ተከትለው ሄዱ፤ ድርቡን አገኙት፣ ማሳለፊያውን አገኙት።

«ደክሞሃል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔም» አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። «እናትህ ከሞተች ወዲህ።»

አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረው አያውቁም፣ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈታሁ። «መጀመሪያ ይቀመጡበት፤ እግርዎን በኋላ ያንሡ» አልኋቸው። ተቀመጡ። ክንዳቸውን ይዤ አጋደምኋቸው፤ ክብደታቸው የልጅ ሆኖ አገኘሁት። «ቀጥ አይበሉ የኔታ፣ ሰያፍ ይሁኑ፤ እንደሱ፣ አዎ።» ዳሌያቸው ሲፈታ «እ» የምትል ድምፅ ወጣቸው። ጨርቁ ከግራም ከቀኝም ታጥፎ ሸፈናቸው፤ የሚታየው ጢማቸውና የእግራቸው ጣት ብቻ ሆነ። መቋሚያቸውን ተደግፌ እኔ በተራዬ ቆምሁ።

ብዙ ሳይቆይ ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች ከላይ መጡ። ተጠቅልሎ የተንጠለጠለውን፣ የማይንቀሳቀሰውን እግር፣ ከአጠገቡ ዐይኑ ቀልቶ የቆመውን ሰው አዩና እርምጃቸው ተሰበረ። አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ ዐረፉ?»

የስንት ሳምንት ንዴት ተቀሰቀሰብኝ። ለዚህች ለማላውቃት ሴት ደግሞ ልጀምርላት ነው፤ አልሞቱም፣ አልጋ ነው፣ ሰቅዬ ማለት እንዲህ ማለት ነው ልላት ነው። ሰለቸኝ።

«አዎ፣ ዐረፉ» አልኋት።

ሴቶቹ አማተቡ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለች።

«አሜን» አሉ የኔታ ከጨርቁ ውስጥ።

ሴትዮዋ ጀሪካኑን ለቃ ወደ ኋላ ዘለለች፤ የቀሩት በማርያም ስም ጮኹ። የኔታ የጨርቁን ጠርዝ በጣታቸው ገለጥ አድርገው ጢማቸውን ብቅ አደረጉ።

«አትደንግጡ ልጆቼ» አሏቸው። «ልጄ ነው የሰፋው። ደክሞን ነው።»